ሰሚው ዝም ሲል

በ1971 ሐምሌ ላይ የዓለም አቀፉ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ጉባኤውን ቪየና አደረገ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የሳይኮአናሊሲስ መሥራቹ የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ አና፣ በ1938 ከአባቷ ጋር ከናዚ ከሸሸች ወዲህ የትውልድ ከተማዋን ስትረግጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበርና ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነበር። ከቦነስ አይረስ የመጣች አንዲት የ60 ዓመት ሐኪምም እዚያው ነበረች፤ ማሪ ላንገር ትባላለች። እሷም የቪየና ልጅ ናት፤ እሷም ተሰዳለች። ያቀረበችው ጽሑፍ «ሳይኮአናሊሲስ እና/ወይም ማኅበራዊ አብዮት» የሚል ርዕስ ነበረው። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ፣ ቀድሞ ከማርክስና ከፍሮይድ አንዱን ምረጡ ስንባል አንዱን ጥለናል፣ ዘንድሮ ግን ሁለቱንም አንጥልም የሚል ነው።

«ቀድሞ» ያለችው የትናንት ነገር አይደለም። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት፣ በዚያችው ቪየና፣ የራሷ ማኅበር የፈረደውን ፍርድ ነው። እዚያ ለመድረስ ግን ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችን ሳይኮአናሊስት ሲባል የሚታየን አንድ ዓይነት ሰው ነው። ታካሚው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ያወራል፤ ሰውዬው ከራስጌው ተቀምጦ ይሰማል። አይፈርድም፣ አይመክርም፣ ማንን እንደመረጠ አይታወቅም። እንደ ንስሐ አባት ምስጢር ይጠብቃል፤ እንደ ንስሐ አባት ግን ቀኖና አይሰጥም። በሰዓት የሚያስከፍለውም ቀላል አይደለም። ይህ ሥዕል ሐሰት ነው አልልም። ግን ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። ከዚያ ዝምታ ለሕክምናው ሲባል በትምህርት የመጣ አለ፤ በፍርሃት የመጣም አለ። ሁለቱ ከጊዜ በኋላ ተደባልቀው አንድ መሰሉ። የእኔ ነገር ሁለተኛውን ከመጀመሪያው መለየት ነው።

በ1918 መስከረም መጨረሻ የኦስትሮ-ሀንጋሪ መንግሥት ሊፈርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ተንታኞቹ፣ ማለትም ሳይኮአናሊስቶቹ፣ ቡዳፔስት ተሰበሰቡ። የመንግሥታት ተወካዮችም መጥተው ነበር። የመጡት ለፍልስፍና አይደለም። ጦር ሜዳ ላይ የሚንቀጠቀጡ፣ አንደበታቸው የተዘጋ፣ እግራቸው ያለ ቁስል የሰለለ ወታደሮችን አክሞ ወደ ምሽግ የሚመልስ መላ ፍለጋ ነው። ፍሮይድ ግን ቆሞ ያወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ድሃው ሕይወቱን ለሚያድነው ቀዶ ሕክምና መብት እንዳለው ሁሉ ለነፍሱ ሕመምም መብት አለው፤ የአእምሮ ጭንቀት ለሕዝብ ጤና ከሳንባ ነቀርሳ የማያንስ አደጋ ነው፤ አንድ ቀን የኅብረተሰቡ ኅሊና ሲነቃ ይህ ሕክምና በነፃ ይሰጣል አለ። መንግሥት እስኪነቃ ግን የግለሰቦች ልግስና ይጀምረው። ብዙኃኑን ለማከም የትንታኔው ንጹሕ ወርቅ ከመዳብ ጋር መቀላቀሉ እንደማይቀርም አልደበቀም። ይህን የሚናገረው የ62 ዓመት ሰው አብዮተኛ አልነበረም። ደምበኛ የቪየና ባለሙያ ነበር፤ ከሶሻሊስቶቹ ጋርም ብዙ አይስማማም።

ገንዘቡን ሊሰጥ የተነሣው የቢራ ፋብሪካ ባለቤቱ አንቶን ፎን ፍሮይንድ ነበር። በጥር 1920 በካንሰር ሞተ፤ ያስቀመጠውንም የዋጋ ግሽበት በላው። ሐሳቡ ግን በርሊን ላይ በቀለ። በ1920 የካቲት 14 ቀን፣ ፖትስዳመር ጎዳና ላይ፣ የመጀመሪያው የሳይኮአናሊሲስ ነፃ ክሊኒክ ተከፈተ። ወጪውን የቻለው ቤተሰቡ በጠጉር ቆዳ ንግድ የከበረው ማክስ አይቲንጎን ነው፤ ክፍሎቹን ያሰናዳው የፍሮይድ ልጅ አርክቴክቱ ኤርንስት። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤርንስት ሲመል የሶሻሊስት ሐኪሞች ማኅበር ሰው ነበር። ታካሚው ይከፍላል የተባለው የቻለውን ነው፤ ያልቻለ አይከፍልም። ስንት እንደሚችል የሚናገረውም ራሱ ነው። ክሊኒኩ በ1930 የአሥር ዓመት ሒሳቡን ሲያወጣ 1,955 ሰዎች ለምክክር መጥተው 721 ሰዎች ትንታኔ ጀምረው ነበር። የቤት ሠራተኛዋም፣ የፋብሪካው ሰውም፣ አስተማሪውም አሉበት። በወርቁ ላይ መዳብ ሳይጨመርበት መሆኑ ደግሞ ፍሮይድ ራሱ ያልጠበቀው ነው።

የቪየናው ክሊኒክ ድሃ ነበር። የከተማዋ ሐኪሞች «ገበያችንን ሊወስዱብን ነው» ብለው ሲከላከሉ ከርመው በ1922 ግንቦት 22 ቀን አምቡላቶሪዩም የተባለው ክሊኒክ ፔሊካን ጎዳና ቁጥር 18 ላይ በሩን ከፈተ። ቦታው የልብ ሕሙማን ክፍል ነበር፤ ቀን ልብ ይታይበታል፣ ማታ ነፍስ። ሶፋ የለም። ታካሚው የልብ መመርመሪያው የብረት ጠረጴዛ ላይ በመሰላል ወጥቶ ነው የሚጋደመው። ተንታኙም ከደረቅ እንጨት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ማን ይበልጥ እንደሚያመው እግዜር ይወቅ። የማኅበሩ አባላት ከታካሚዎቻቸው አንድ አምስተኛውን ያህል በነፃ ለማየት ቃል ገብተው ነበር፤ ጊዜ ያጣ በምትኩ ገንዘብ ይከፍላል።

ይህ ሁሉ በባዶ ሜዳ የተደረገ አይደለም። «ቀይ ቪየና» የተባለው ዘመን ነው። ከተማዋን የያዙት ሶሻል ዴሞክራቶች ከሀብታም በሰበሰቡት ግብር ከ60,000 በላይ የሠራተኛ መኖሪያዎች ሠርተዋል። መዋዕለ ሕፃናት፣ መታጠቢያ ቤት፣ የጥርስ ሕክምና ለድሃ ልጆች ሁሉ ደርሷል። የነፍስ ሕክምና ከዚህ ተርታ ቢሰለፍ ማንንም አላስገረመም።

የአምቡላቶሪዩም ረዳት ሐኪም የነበረው ወጣቱ ቪልሄልም ራይሽ ግን አንድ ነገር አላስተኛው። በአንዲት ክፍል ውስጥ ከስምንት ሰው ጋር የሚተኛን ሰው ፍርሃቱን ተንትነን ብንጨርስ ተመልሶ የሚገባው ወዴት ነው? በ1927 ሐምሌ 15 ቀን የፍትሕ ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል ፖሊስ ከ80 በላይ ሰው ገደለ፤ ራይሽ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ አየ። ከዚያ በኋላ የምክር አገልግሎቱን ወደ ሠራተኛ ሰፈሮች ይዞ ወጣ፤ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ስለ ወሲብ፣ ስለ ቤት ኪራይ። በ1933 «የፋሺዝም የብዙኃን ሥነ ልቦና» የሚለውን መጽሐፍ አሳተመ። ድሃው ጥቅሙን ለሚጎዳው ለሂትለር ለምን ይሰለፋል ብሎ ነው የሚጠይቅበት፤ መልሱንም ልጅ በአባቱ ጓዳ ከሚማረው ፍርሃት ይፈልጋል። ኮሚኒስት ፓርቲው «ፍሮይዳዊ ነህ» ብሎ አባረረው። በ1934 ሉሰርን ላይ የፍሮይድ ማኅበርም አስወጣው። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከሁለቱም ቤት በር ተዘጋበት። ኋላ አሜሪካ ገብቶ «ኦርጎን» ያለውን ኃይል በሣጥን አጠራቅማለሁ ሲል የተከተለውን መንገድ እኔም አልከተለውም። የ1927ቱ ጥያቄው ግን ከዚያ ሣጥን ጋር አብሮ የሚቀበር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ላንገር እንመለስ። በ1910 ከባለጸጋ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች፤ ሕክምና ተማረች፤ ሂትለር ጀርመንን ሲይዝ ቪየና ውስጥ ኮሚኒስት ፓርቲ ገባች። የሳይኮአናሊሲስ ሥልጠናዋንም ጀምራለች። በ1934 የካቲት የኦስትሪያ መንግሥት የሠራተኛ ሰፈሮችን በመድፍ ደበደበና ሶሻል ዴሞክራቶቹንም ሕገ ወጥ አደረጋቸው፤ ኮሚኒስቶቹ ከታገዱ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። በዚያን ጊዜ የቪየናው ሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ወሰነ። ተንታኝ በሕገ ወጥ ፖለቲካ አይሳተፍም፤ እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ያለ ሰውም አያክምም። ላንገር በኋላ እንዳስታወሰችው፣ ታካሚው የድብቅ ታጋይ ለሆነበት ተንታኝ የቀረው ሦስት መንገድ ነው፦ ሕክምናውን ማቋረጥ፣ ሰውዬውን ትግሉን እንዲተው ማድረግ፣ ወይም ነገሩን ሁለቱም እንዳላወቁ ሆነው ዝም ብለው መቀጠል።

ሦስተኛውን ልብ ይሏል። ሳይኮአናሊሲስ አንድ ዋና ሕግ አለው፤ ታካሚው ወደ አእምሮው የመጣውን ሁሉ፣ ነውር ቢሆን፣ ተራ ቢሆን፣ ሳይመርጥ ይናገር። ያን ጊዜ ግን ሌሊት የት እንዳደረ፣ ማን እንደተያዘበት፣ ምን እንደፈራ አይናገርም ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ የገባው ዝምታ የሕክምና አልነበረም። ማኅበሩን ከፖሊስ ለማትረፍ ነው። ሰዎቹን አልወቅስም፤ አብዛኞቹ አይሁድ ነበሩ፣ ድንበሩ ማዶ ምን እየሆነ እንደነበር ያውቃሉ። በርሊን ላይ የተንታኞቹ ማኅበር ኋላ የአይሁድ አባላቱን «በፈቃዳቸው» እንዲለቁ አደረገ፤ ለመትረፍ። ተርፎ ያገኘው በ1936 በሄርማን ጎሪንግ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ በማትያስ ጎሪንግ የሚመራ ተቋም ስር መግባትን ነው። የፀረ ናዚ ቡድን አባል የነበረችው ተንታኝ ኢዲት ያኮብሶን በ1935 ታስራ ነበር፤ በኋላ አምልጣ አሜሪካ ገባች።

ላንገር ራሷም ሐኪሞች ለሰላም በጠሩት ስብሰባ ተይዛ ለአጭር ጊዜ ታሰረች፤ ማኅበሯም ጠርቶ ወቀሳት። ሥልጠናውን አቋርጣ በ1936 ከቀዶ ሐኪሙ ከማክስ ላንገር ጋር ወደ እስፔን፣ የሪፐብሊኩን ቁስለኞች ወደምታክምበት ጦር ሜዳ ሄደች።

አሜሪካ የገቡትስ? ተንታኙ ኦቶ ፌኒኬል ከ1934 እስከ 1945 በየአገሩ ለተበተኑ የግራ ተንታኞች 119 የምስጢር ደብዳቤዎች ጻፈ፤ አንብባችሁ አቃጥሉ እያለ። ደግነቱ ሁሉም አላቃጠሉም። አሜሪካ ውስጥ የሞያው ማኅበር በጊዜው ሳይኮአናሊሲስን ለሐኪም ብቻ ይፈቅድ ስለነበር፣ የሞያው ዋና መማሪያ መጽሐፍ ደራሲ የሆነው ሰው ሎስ አንጀለስ ውስጥ እንደ ጀማሪ ሐኪም ሌሊት እያደረ የልምምድ ጊዜውን እንደገና ጀመረ። በ1946 በ48 ዓመቱ ሞተ። ስደተኛው የኢሚግሬሽን ወረቀት አለው፣ ፈቃድ አለው፣ ከዚያ ኮሚኒስት የሚታደንበት የማካርቲ ዘመን መጣ። የበርሊንና የቪየና ክሊኒኮች ትዝታ በአንድ ትውልድ ውስጥ ጠፋ። ለተማሪዎቻቸው የደረሰው ዝምታው ብቻ ነበር፤ እሱም «ገለልተኛነት» የሚል የክብር ስም አግኝቶ።

በሌላ አቅጣጫ ግን ክሩ አልተበጠሰም። የካታሎኑ ሳይካትሪስት ፍራንሷ ቶስኬል በፍራንኮ ተሸንፎ ፈረንሳይ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ሳለ በ1940 ሳን-አልባን ወደተባለ ተራራማ መንደር ሆስፒታል ተወሰደ። በጦርነቱ ዘመን በፈረንሳይ የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ40,000 በላይ ሕሙማን በረሃብና በእንክብካቤ እጦት አልቀዋል። ሳን-አልባን ግን ሕሙማኑ ወጥተው ከገበሬው ጋር ሠርተው፣ ነግደው፣ በሉ። ቅጥሩ ውስጥ የፀረ ናዚ ተዋጊዎችና ገጣሚው ፖል ኤሉአር ተደብቀዋል። ቶስኬል ፍሮይድንም ማርክስንም አንብቧል፤ መታከም ያለበት አስቀድሞ ራሱ ሆስፒታሉ ነው ይል ነበር።

ከእሱ ዘንድ የሠለጠነ አንድ የማርቲኒክ ወጣት በ1953 ኅዳር አልጄሪያ፣ ብሊዳ ደረሰ፤ ፍራንዝ ፋኖን። ሳን-አልባን ያየውን ሥራ ለአውሮፓውያን ሴቶች ክፍል ቢተክለው ያዘ፤ ለሙስሊም ወንዶች ክፍል ቢሞክረው ወደቀ። ለምን እንደወደቀ በ1954 ከረዳቱ ከዣክ አዙሌ ጋር በግልጽ ጻፈ። የፈረንሳይን ሰው ኑሮ አምጥተን ሰዎቹ ላይ ጫንንባቸው፣ ማን እንደሆኑ አልጠየቅንም አለ። ከዚያ የአረብ ቡና ቤት ከፈተ፤ የበዓላቱን ቀን አከበረ፤ ተረት ነጋሪ አስገባ። ፋኖን የፍሮይድ ማኅበር አባል ሆኖ አያውቅም፤ ከፍሮይድም፣ ከእሱ ከተለዩት ከአድለርና ከዩንግም ጋር ተከራክሯል። ግን ያለ እነሱ ሊያስብ አይችልም ነበር።

ስለ ብሊዳ አንድ ታሪክ አለ፤ «የምድር ጎስቋሎች» በሚለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው። አልጄሪያውያንን የሚገርፍ አውሮፓዊ ፖሊስ ጩኸቱ ከጆሮው አልወጣ ብሎት ፋኖን ዘንድ ይታከማል። አንድ ቀን ፋኖን ሳይመጣ ዘግይቶ ሰውዬው ግቢ ውስጥ ሲንሸራሸር፣ ዛፍ ተደግፎ እየተንቀጠቀጠ ይገኛል። ከገረፋቸው ሰዎች አንዱን፣ እዚያው የተኛ ታካሚ፣ አይቶ ነበር። ታካሚውን ቢፈልጉት ጠፋ፤ ኋላ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ራሱን ሊያጠፋ ሲል ደረሱበት። ሊወስደኝ የመጣ መሰለኝ አለ። ያ ሐኪም ለሁለቱም ሐኪም ነበር። ገለልተኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የሚከራከር ሁሉ ይቺን ግቢ ይያት። ፋኖን በ1956 መጨረሻ የሥራ መልቀቂያውን ጻፈ። ሰውን ከአካባቢው ጋር የማያስተዋውቅ ሥርዓት ውስጥ ሰውን ከራሱ ጋር ማስታረቅ አልችልም የሚል ነበር መንፈሱ። በ1957 መጀመሪያ ተባረረ፤ ቱኒስ ሄዶ ከአልጄሪያው ነፃ አውጪ ግንባር ጋር ሠራ፤ በ1961 ታኅሣሥ በ36 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተ። የእኛም የ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ትውልድ ካነበባቸው አንዱ እሱ ነው፤ ያነበቡት ግን አብዮቱን እንጂ የሕሙማኑን ማስታወሻ አይመስለኝም።

ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥም በ1946 በቅዱስ ፊሊጶስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ላፋርግ ክሊኒክ ተከፍቶ ነበር። ዋጋው 25 ሳንቲም፤ የሌለው በነፃ። የመሠረቱት የሳይካትሪ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ቨርተምና ደራሲው ሪቻርድ ራይት ናቸው። እዚያ የተጠናው የጥቁር ልጆች ሁኔታ በደላዌር ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየት ላይ ለቀረበ ክስ ማስረጃ ሆነ፤ ክሱም በ1954 የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን የዘር ልዩነት ከሻረው ውሳኔ ጋር ተጠቃሏል።

ላንገር ከእስፔን በኡራጓይ አልፋ ቦነስ አይረስ ገባች። በ1942 የአርጀንቲናን የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ከመሠረቱት ስድስት ሰዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። ከዚያ ዝም አለች። ከሃያ ዓመት በላይ። ልጆች አሳደገች፣ ስለ እናትነትና ወሲብ የታወቀ መጽሐፍ በ1951 ጻፈች፣ ማኅበሩን መራች፤ ፖለቲካ ግን የለም። የቪየናን ትምህርት ይዛ ነው የመጣችው። ዝምታውን የሰበሩት ልጆቿ የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው። በ1969 ሮም ላይ ከዓለም አቀፉ ማኅበር ጉባኤ ጎን ሌላ ጉባኤ የጠሩ፣ «ፕላታፎርማ» የተባሉ። ሥልጠናው የሀብታም ብቻ ነው፣ ማኅበሩም ተዋረድ ነው፣ አገሩን ስለያዘው የጦር መንግሥትም ትንፍሽ አይልም አሉ። በ1971 መጨረሻ ላንገርን ጨምሮ ከማኅበሩ ወጡ።

የገለልተኛነት ሌላኛው ፊት የታየው ጎረቤት ብራዚል ነው። በ1973 የሪዮ ተንታኝ ሄሌና ቤሰርማን ቪያና ከአንድ የድብቅ ጋዜጣ የተቆረጠ ዜና ለላንገር ላከች። ዕጩ ተንታኝ የሆነው ወታደራዊ ሐኪም አሚልካር ሎቦ በግርፋት ቡድን ውስጥ ይሠራል የሚል። እስረኛው ሳይሞት ስንት እንደሚችል የሚመረምረው እሱ ነው። ላንገር ዜናውን አሳተመችው፣ ለዓለም አቀፉ ማኅበርም ላከችው። የሪዮው ማኅበር ስም ማጥፋት ነው ብሎ መለሰ። ከዚያ ምን መረመረ? በቁራጩ ላይ የነበረውን የእጅ ጽሑፍ። ጠቋሚዋ ታወቀች፤ ለዓመታት የተሰቃየችው እሷ ናት። ሎቦ የሕክምና ፈቃዱን ያጣው በ1988 ነው። እሱን የሚያሠለጥነው ተንታኝ በየሳምንቱ ከራስጌው ተቀምጦ ይሰማው ነበር።

ላንገር በ1974 የግድያ ዝርዝር ውስጥ ስሟ ገብቶ ወደ ሜክሲኮ ሸሸች፤ ሦስተኛ ስደቷ። በ1976 መጋቢት ጦሩ አርጀንቲናን ዳግም ያዘ። የመብት ድርጅቶች የተሰወሩትን 30,000 ይላሉ። በ1977 ሚያዝያ 30 ቀን አሥራ አራት እናቶች ልጆቻችን የት አሉ ብለው የማዮ አደባባይ ላይ ቆሙ።

እነዚህን እናቶች ለመርዳት የተደራጁት የሥነ ልቦና ሰዎች የገጠማቸው ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ የሚመለስ አልነበረም። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ ቀን የለም። ፍሮይድ ስለ ሐዘን ሲጽፍ፣ ሐዘንተኛው የሄደው ሰው አለመኖሩን ጥቂት በጥቂት ይቀበላል ብሎ ነው። በእኛ አማርኛ ለዚህ ቃል አለን፤ እርም ማውጣት። እናቶቹ እርማችንን አናወጣም አሉ። በ1979 መንግሥቱ የጠፉትን «እንደሞቱ የሚቆጠሩ» የሚያስብል ሕግ አወጣላቸው፤ ማመልከቻ ሙሉና ይለቅላችሁ ዓይነት ነው። በመጽሐፉ የሄደ ሐኪም «ሐቁን አለመቀበል» ብሎ በሽታ ሊያደርገው ይችላል። የእናቶቹ ቡድን ሐኪሞች ግን ተቃራኒውን ያዙ። ገዳዩ ገደልሁ ሳይል እናቲቱን ሞቷል በይ ማለት፣ ግድያውን በእሷ እጅ ማስፈረም ነው አሉ። እምቢታው ሕመም ሳይሆን ጤና ነው፤ የታመመው ውጭ ያለው ነገር ነው። እኔ እስከማውቀው የሐኪም ክፍልና አደባባይ እንደዚህ በአንድ ቃል የተገናኙበት ጊዜ የለም።

ይህን የሚያነብ የእኛ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በዚያው በ1977 አዲስ አበባ ላይ ቀይ ሽብር ታውጆ፣ እናት በልጇ ሬሳ ላይ እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዓቃቤ ሕግ የጅምላ መቃብሮቹን ለማስቆፈር ባለሙያ ሲፈልግ የመጡት አርጀንቲናውያን ናቸው፤ የማዮ አደባባይ ቤተሰቦችን ልጆች አጥንት በመለየት የሠለጠነው የፎረንሲክ ቡድን። ለአጥንቱ ሰው መጥቶልናል። ለነፍሱ የመጣ ግን አልነበረም፤ ያንን ሥራ የሠራው ያው እንደወትሮው ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ዕድሩ ነው።

ከዩንግ ወገን ያሉት ወደዚህ ክርክር የመጡት ዘግይተው ነው። መሪያቸው በ1930ዎቹ ናዚዎች እጃቸውን ባስገቡበት የሥነ ልቦና ሕክምና ማኅበር ሊቀ መንበርነት የሠራበት ጠባሳ አለባቸው። እንግሊዛዊው ዩንጋዊ አንድሩ ሳሙኤልስ ይህን ጠባሳ በ1993 «ፖለቲካዊ ነፍስ» በሚለው መጽሐፉ ሳይሸፋፍን ጻፈው፤ ታካሚ ስለ ፖለቲካ ሲያወራ ተንታኙ «ይህ በእርግጥ ስለ አባትህ ነው» ብሎ እንዳይጠመዝዘውም አሳሰበ።

ላንገር ሥራዋን አልጨረሰችም ነበር። በ1981 ሰባ ዓመት አልፏት፣ ከሜክሲኮ ሆና ከሲልቪያ በርማንና ከኢግናሲዮ ማልዶናዶ ጋር ለኒካራጓ የአእምሮ ጤና ቡድን አቋቋመች። በየወሩ ተራ እየገቡ ወደ ሊዮን ከተማ ይሄዳሉ። ጦርነት ያልቆመበት አገር ነው፤ ያለው ሳይካትሪስት በጣት የሚቆጠር። ለነርሶቹም፣ ለሕክምና ተማሪውም ሕልምን፣ ሐዘንን፣ ጥፋተኝነትን በአጭሩ ያስተምራሉ። ፍሮይድ በ1918 የተናገረለት መዳብ ይኸው ነበር። አንዲት ተንታኝ ለ45 ደቂቃ አንድ ሰው ከምትሰማበት ክፍል ወጥታ ሃያ ሰው ከተቀመጠበት ክብ ውስጥ ገባች። በሽታው ሲጠናባት ወደ ቦነስ አይረስ ተመለሰች፤ በ1987 ታኅሣሥ እዚያው ሞተች። ጦሩ ከሥልጣን ወርዶ አራት ዓመት ሆኖታል። እናቶቹ ግን ሐሙስ ሐሙስ ነጭ ሻሻቸውን አስረው አደባባዩን ይዞሩ ነበር።